አልቢ ቡችላዋን የጋታት ዕለት

አልቢ ትሬዚዝ ጎረቤቴ ሆኖ ሲመጣ፣ ከመኪናው መጀመሪያ ያወረደው አልጋውን ወይም ማቀዝቀዣውን አልነበረም፤ የበግ መሸለቻውን ነበር። እኛ የቱሊ ፖይንት ሰዎች ደግሞ ባሕር እንጂ በግ የለንም። ዓሣ አለ፣ ጡረተኛ አለ፣ በሰሌዳ ማዕበል ላይ ካልወጣሁ ብሎ ከትምህርት ቤት የሚጠፋ ጎረምሳ አለ። በግ የሚገኘው ሥጋ ቤት ተሰቅሎ ብቻ ነው። በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ «በዚህ ምን ልትሸልት ነው? የእኔን ፀጉር?» አልኩት። ቀና ብሎ ለአፍታ አየኝና «ያንቺ ሱፍ የመሸለቻውን ዘይት ዋጋ እንኳ አያወጣም» አለኝ። የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

ኖሊን እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ስነዳ ስለኖርኩ፣ ከማንም ጋር የማወራው የኋላ ወንበር ድረስ እንዲሰማ አድርጌ ነው። አልቢ በተቃራኒው ለሚናገራት ለእያንዳንዷ ቃል ቀረጥ የሚከፍል ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል። ቢሆንም ከሱ ጋር በረንዳ ላይ መቀመጥ እወዳለሁ፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ።

የተወለደው ከበርክ ከተማ ባሻገር፣ ከባሕሩ እጅግ ርቆ፣ ቀይ አፈርና የሽቦ አጥር እንጂ ሌላ በማይታይበት አገር ነው። ጢም ሳያበቅል መሸለቻ ጨበጠ፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ የበግ እርሻ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ የቆርቆሮ አዳራሽ ወደ ሌላው እየዞረ፣ እንዳጎነበሰ አረጀ። ወገቡ ዛሬም ቀጥ አይልም። ወደ ባሕሩ ያመጣችው ሚስቱ ቤሪል ናት። «ዕድሜ ልኬን ያንተን አቧራ ተንፍሻለሁ፤ አሁን ተራህ ነው፣ የኔን ጨው ተንፍስ» አለችው። እሷ ግን ጨውን ብዙም አልጠገበችውም፤ ሁለተኛው ክረምት ሳያልፍ ልቧ ደከመና ሞተች። አልቢ ከዚያ በኋላ ሥራው ጠዋት ሬዲዮ ከፍቶ የበግ ገበያ ዋጋ ማዳመጥ ሆነ። አንዲት በግ ሳይኖረው የየከተማውን ዋጋ በቃሉ ያውቃል። ሴት ልጁ ሊያን ከአገሩ ሌላኛው ዳር ከፐርዝ ትደውልለታለች፤ እሱም «ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን ይዘጋል።

እኔ ሾርባ እወስድለት ነበር። ማሰሮው ሳይነካ ይመለሳል። የሰው ልጅ እንዲህ ዓይኔ እያየ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር፣ ያውም እኔ የማላውቀው ነገር እንዳለ ማመን የማልወድ ሴት።

ያዳነው ሬክስ ነው። ሬክስ የድሮ የሽለታ ጓደኛው ሲሆን ዛሬም እዚያው ቀይ አፈሩ ላይ ይኖራል። አንድ ቀን አቧራ በጠጣ መኪና ከበሩ ላይ ደረሰና ከሸሚዙ ውስጥ አንዲት ቡችላ አወጣ፤ ጥቁር፣ ቅንድቧ ላይ ቡናማ ነጥብ ያላት፣ ጆሮዋ አንዱ የቆመ አንዱ የወደቀ። የበግ ውሻ ናት። አልቢ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያረባቸው የነበሩት ውሾች ዘር ነች፤ እናቷን የጭነት መኪና ገጭቷት ሞታለች፣ ወንድሞቿም ሞተው ተወልደዋል። ከዚያ ሁሉ ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት ማለት ነው።

በነሱ አገር ቡችላ ለጓደኛ አይሸጥም። አንድ ካርቶን ቢራ ይሰጣል፣ ቢራውም እዚያው አብሮ ይጠጣል። አልቢ ካርቶኑን አመጣ፣ ሁለቱ ሽማግሎች በረንዳው ላይ ተቀመጡና ሲመሽ የመጨረሻዋን የቢራ ጣሳ ለሁለት ተካፈሉ። «ስሟን ማን ትላታለህ?» አለ ሬክስ። «ፍሎስ ነዋ!» አለ አልቢ፣ የሚጠየቅ ነገር ነው እንዴ በሚል ድምፅ። የመጀመሪያዋ ውሻው ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ የማውቀው አልቢ ሌላ ሰው ነው። ያፏጫል። በጠዋት ተነሥቶ ባሕሩ ዳር ያሉትን የባሕር ወፎች እያሳያት «ቀስ፣ ቀስ በይ፣ አትሩጪ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያቸው» ይላታል። አንድ ቀን ዶሮዎቼን ሁሉ ከቆርቆሮው ቤት ጥግ ሰብስባ፣ ደረቷን መሬት ላይ አጣብቃ፣ አንዷንም ሳትነካ ስትጠብቃቸው አገኘኋት።

«አልቢ! ይህቺ ጉድህ ዶሮዎቼን እንቁላል ልታስጠላብኝ ነው!»

«ተይ፣ አየሻት? አየሻት ዓይኗን?» አለ አጥሩን ተደግፎ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ማንም አላስተማራትም እኮ። ደሟ ውስጥ ነው።»

ሾርባዬን መብላት ጀመረ። ማሰሮዬ ታጥቦ ይመለስልኝ ገባ።

የመዥገርን ነገር የነገርኩት ያን ሰሞን ነው። የኛ የባሕር ዳር መዥገር የነሱ አገር መዥገር አይደለችም። አንዲቷ ብቻዋን ውሻ ሽባ አድርጋ ትገድላለች፤ እዚህ የሚኖር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በየወሩ የሚሰጥ እንክብል አለ፣ ግዛላት አልኩት።

«ስልሳ ዓመት ውሻ ይዣለሁ፣ ኖሊን።»

«ስልሳ ዓመት በርክ ነው የያዝከው። እዚህ አይደለም።»

«በየቀኑ እፈትሻታለሁ።»

እውነቱን ነው፣ ይፈትሻታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭኑ ላይ በጀርባዋ ያስተኛታል፣ አራቱን እግሯን አንድ በአንድ ይዞ ጣቶቿን እየፈለቀቀ ያያል። በነሱ አገር ውሻን የሚጎዳው የሣር እሾህ ነው፤ በጣቶች መካከል ገብቶ ሥጋ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ውሻ ሲፈትሽ የሚያየው እግር ነው። ጆሮ አያይም። ይህን ያህል ጠንቃቃ ሰው ሆኖ ጆሮዋን አንድ ቀን እንኳ ገልጦ አላየም፤ አገሩ ጆሮ እንዲያይ አላስተማረውም።

ያን ዕለት እኔ እህቴ ዘንድ ቆይቼ እኩለ ቀን ላይ ተመለስኩ። አልቢ የበረንዳው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ የበግ መድኃኒት መጋቻውን ያጥባል። ረጅም አፍንጫ ያለው፣ እጀታው ሲጨመቅ የሚረጭ ዕቃ ነው፤ እሱንም ከበርክ ይዞት መጥቷል።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ፍሎስ ትንሽ ደክሟት ነበር። ጠዋት ስትጮህ ድምፅዋ ጎረነነ፣ ከዚያ የኋላ እግሯ ተንገዳገደ። ጋትኳት።»

«ምን ጋትካት?»

«የስኳር ሞላሰስ በሞቀ ውኃ። ያረገዘች በግ ስትወድቅ የምንሰጠው ነው። ወዲያው ትነሣለች፣ ታያለሽ።»

ቡችላዋ ጆንያዋ ላይ ተዘርራለች። ስትተነፍስ ሆዷ ይደረመሳል፤ ደረቷ ውስጥ አየር የገባበት ቧንቧ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይሰማል። እላይዋ ላይ ወደቅኩና የወደቀውን ጆሮዋን ገለጥኩ። መዥገሯ እዚያ ነበረች፣ የባቄላ ፍሬ አክላ ጠግባ። መንቀያውን ከቤቴ አምጥቼ ነቀልኳት። አልቢ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «ያቺ ናት እንዴ?» አለ። «ይህቺ ናት። ያዛት፣ መኪናዬ ውስጥ ግባ!» አልኩት፣ አውቶቡስ ውስጥ በምጮኸው ጩኸት።

የእንስሳት ሐኪሟ አኑሻ ትባላለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ አውቶቡሴ ላይ አመላልሻታለሁ፤ ያኔም ሳጥን ውስጥ የቆሰለ ወፍ ይዛ ትሳፈር ነበር። ፍሎስን ከአልቢ እጅ ተቀብላ ገበታው ላይ አጋደመቻት፣ ኦክስጅን አፏ ላይ አደረገችላት፣ የመዥገሯን መርዝ ማርከሻ መርፌ አዘዘች፣ ደረቷንም አዳመጠች። ብዙ አዳመጠች። ከዚያ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣችና ዞረች።

«በአፏ የሰጣችኋት ነገር አለ? ውኃ? ምግብ?»

አልቢ ፊቱ ፈካ አለ። እዚያ ቤት ከገባን ወዲህ እሱ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

«አዎ፣ ጋትኳት። ሞላሰስ በሞቀ ውኃ። ጭንቅላቷን ቀና አድርጌ፣ በጉንጯ ጥግ፣ ቀስ ብዬ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።»

«ስትውጠው አየሃት?»

«በግ እንኳ እንደዚያ አይወርድለትም። ዝም ብሎ ነው የገባው።»

አኑሻ መናገር ሲከብዳት ከንፈሯን እንደምትነክስ ከልጅነቷ አውቃለሁ፤ ነከሰች።

«አልቢ፣ መዥገሯ ከእግር ቀጥላ የምትይዘው ጉሮሮን ነው። ያኔ ፍሎስ መዋጥ አትችልም ነበር። ለዚህ ነው ዝም ብሎ የገባው።»

«ታዲያ የት ገባ?» አለ። መልሱ ገብቶታል፤ ሌላ መልስ እንዲሰጠው ነው የጠየቀው።

«ሳንባዋ ውስጥ።»

አልቢ ባርኔጣውን አወለቀ። የሚያስቀምጥበት አጣና መልሶ አደረገው፣ እንደገና አወለቀው። ስንት ሺህ በግ የጋቱ እጆቹን አያቸው። አኑሻ አልወቀሰችውም፤ «ለመርዳት ብለህ ነው» አለችው። እኔ ግን በጣም ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በሱም፣ በሬክስም፣ በሞላሰስም፣ እዚያ ቀይ አፈር ላይ ጆሮ ማየት ባላስተማሩት ሁሉ። ልጮህ ስል የሱን ፊት አየሁና አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ዋጋው ተነገረን። ፍሎስ በራሷ መተንፈስ እየከበዳት ስለሆነ የሚተነፍስላት ማሽን ላይ መዋል አለባት፤ ቀን ከሌት የሚጠብቃት ሰው ያስፈልጋል፤ የሳንባ ምችም ተጨምሯል። አኑሻ የነገረችን የዛሬውንና የነገውን ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው እየታየ ይጨመራል። ኢንሹራንስ አላት ወይ ብላ ጠየቀች። አልቢ ለውሻ ኢንሹራንስ መኖሩን የሰማው ያን ጊዜ ነው።

«በዚህማ አውቶቡስ ይገዛል!» አልኩ።

«ኖሊን፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ ውሾቹ ይደነግጣሉ» አለችኝ አኑሻ፣ እኔው ልጆቹን እናገር በነበረው አነጋገር። ከዚያ ወደ አልቢ ዞራ ቀስ አለች። «ሌላም ምርጫ አለ። ሳትሠቃይ እንድታርፍ ማድረግ እንችላለን። ማንም አይፈርድብህም።»

ይህን ምርጫ አልቢ ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። በነሱ አገር ውሻ ሲሰበር ባለቤቱ ራሱ ጠመንጃውን ይዞ፣ ውሻውን ተሸክሞ ከቤት ራቅ ይላል። ለሐኪም አይተወውም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጠውም። እንዲህ የሸኛቸውን አንድ ቀን በረንዳው ላይ በየስማቸው ጠርቶልኛል። አሁን ጠመንጃው የለም፤ ከተማ ሲገባ ለፖሊስ አስረክቦታል። ጠመንጃው ቢኖርም ያን ዕለት ምንም የሚያደርግበት አይመስለኝም። የነዚያን ውሾች አጥንት የሰበረው ፈረስ ወይም መኪና ነበር። ይህቺን የገደላት፣ ከሞተች፣ የሱ እጅ ነው።

«ምን ላድርግ?» አለኝ ወደኔ ዞሮ። አልቢ ሰው ሲያማክር ሰምቼ አላውቅም።

«እኔንጃ» አልኩት።

«ማሽኑን አድርጉላት» አለ።

ወሬው የመንደሩ ሰው ቢራ ከሚጠጣበት ቦውሊንግ ክለብ ከኛ በፊት ነው የደረሰው። ዓርብ ዓርብ እዚያ የሥጋ ሎተሪ ይወጣል፤ ትኬት ገዝቶ የበግ ቅርጫ የሚያሸንፍ አለ፣ እንደ እኔ ዕድሜ ልኩን ገዝቶ አንድ ቋሊማ ያላሸነፈም አለ። አልቢ ቢራውን ይዞ ጥግ እንደተቀመጠ ኬቭ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ ተነሣበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ለውሻዋ የከፈልከውን ሰማሁ። በዚያ እኮ የሩጫ ፈረስ ትገዛ ነበር!»

«ፈረስማ ሣሩን ይግጣል» አለ ሌላው። «ቡችላዋ በማሽን ነው የምትተነፍሰው። ሚስቴ ስታንኮራፋ ያን ማሽን ልከራይላት ነው።»

«ለመሆኑ የበግ ውሻ ምን ታደርግልሃለች? በግ የት አለህ? ዓሣ ልትጠብቅልህ ነው?»

በክፋት አልነበረም። እኛ ጋ ሰው ሲያዝን የሚባለው ነገር ስለማይገኝ ይቀለድበታል፤ የተቀለደበትም ቀልዶ ይመልሳል፣ በዚያው ያልቃል። አልቢ ግን አልመለሰም። ቢራውን ሳይጨርስ ወጣ። ክለቡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያልተጠጣውን ብርጭቆ አየ። ኬቭ ፊቱ ቀላ፤ «እኔ እኮ ለጨዋታ ነው» አለ ለማንም ሳይሆን።

በማግስቱ ያው ኬቭ ደጄ መጥቶ የሚቀጥለው ዓርብ ሎተሪ ገቢ ለቡችላዋ እንዲሆን ክለቡ ተስማምቷል አለኝ። ለአልቢ ስነግረው በሩን በፊቴ ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። «እኔ የጋትኳት ውሻ ናት። ሌላ ሰው አይከፍልላትም» አለ። ሊያን ከፐርዝ ደውላ ብድር ልውሰድልህ ብትለው እሷንም «ደህና ነኝ» ብሎ ዘጋባት። እኔ ላይ ደውላ አለቀሰች። «ኖሊን፣ እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አልሆነም፤ ምን ልርዳው?» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ሰሞን ነበር፤ ሁላችንም ስልክ እናነሣለን፣ ሁላችንም ምንም አንችልም።

አልቢ ፒካፕ መኪናውን ሸጠው። ቀዩ አፈር ከጎማው ጥግ ገና ያልለቀቀውን፣ ከኋላው ሦስት ትውልድ ውሻ የተቀመጠበትን ፒካፕ አንድ ፀጉረ ረጅም ልጅ ገዛውና የማዕበል ሰሌዳዎቹን ጭኖበት ሄደ። አልቢ መንገዱ ዳር ቆሞ እስኪታጠፍ አየው። «ማርሽ አያያዙ አያምርም» ብቻ አለ። ያገኘው ገንዘብ እንዳለ ለክሊኒኩ ገባ።

በየቀኑ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ፍሎስን የሚያሳዩን በመስታወት ነው። አፏ ውስጥ ቱቦ፣ እግሯ ላይ መርፌ፤ ሌላ መዥገር እንዳለ ለማየት ሰውነቷን በሙሉ ሸልተዋታል። ቆዳዋ ሮዝ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም ፀጉር ቀርቶባት፣ ደረቷ በማሽኑ ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። አልቢ መጀመሪያ ቀን ለረጅም ጊዜ አያትና «ማን ነው የሸለታት?» አለ።

«ነርሷ ትሆናለች።»

«እንዲህ አድርጎ የሚሸልት ሰው በእኛ አዳራሽ ምሳ አይሰጠውም ነበር» አለ። ሳቅሁ፤ እሱ ግን ቀልዱን አልነበረም። መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደገፈ። በዚህ ዓለም ላይ እሱ አሳምሮ የሚችለው አንድ ሥራ ያ ነው፣ ያንንም ሌላ ሰው ሠርቶት አየው። እጄን ጀርባው ላይ አኖርኩ። እንደ ሳንቃ የደረቀ ጀርባ ነው።

አኑሻ ጠዋት ጠዋት እየደወለች «ልቀጥል?» ትለዋለች። እሱም «ቀጥዪ» ይላታል። አንድ ጠዋት ግን ስልኩን ይዞ ዝም አለ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። ገንዘቡ አልቆ እንደነበር አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕዳ ነው። «ልቀጥል?» የሚለው የአኑሻ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እስከኔ ድረስ ይሰማል። አልቢ ስልኩን ወደኔ ዘረጋው። ተቀበልኩና እኔ «ቀጥዪ» አልኳት። ትክክል ሠርቼ እንደሆነ ዛሬም እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን ሲያጠፉት በራሷ ተነፈሰች። ክለቡ ውስጥ ስናገረው ሰው አጨበጨበ፣ ኬቭ ለሁሉም ጋበዘ። እኔም የነገሩ መጨረሻ መስሎኝ ነበር።

ፍሎስን ስትሰጠን አኑሻ አስጠነቀቀች። ጉሮሮዋ ገና ነው፤ ምግቧ ተድቦልቡሎ፣ ከፍ ያለ ነገር ላይ ይደረግላት፣ ራሷ ፈልጋ ትብላ። በግድ ከሆነ እንደገና ሳንባዋ ይገባል፣ ሁለተኛውን አትችለውም። ጨርሳ እንቢ ካለች ግን መልሳችሁ አምጧት፣ በቱቦ እንመግባታለን አለች። አልቢ ራሱን ነቀነቀ። ለቱቦው የሚከፈል ገንዘብ እቤቱ ውስጥ እንዳልቀረ ሦስታችንም እናውቃለን።

መኪናዬ ውስጥ እኔ ጭን ላይ ተኛች፣ የሚነዳው እሱ ነበር። ቤት ስንገባ የተፈጨ የካንጋሮ ሥጋ ድቡልቡል አድርጎ፣ ባልዲ ደፍቶ እላዩ ላይ አስቀመጠላት። ከዚያ ተንበረከከና፣ ውሻ ሁሉ እንደሚወደው፣ አገጯን ለማሻሸት እጁን ከሥር ሰደደ።

ቡችላዋ ሽንቷ አመለጣት። እየተሳበች አልጋው ሥር ገባችና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

ለካ አገጯን ቀና ያደረገው ያን የሞላሰስ ዕለት እንዳደረገው ነው። እሷ የምታውቀው፣ ያ እጅ አገጯን ሲነካ ቀጥሎ የሚመጣው መስጠም መሆኑን ነው። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ፣ እሱን እንዳላይ።

ቀኑን ሙሉ ሞከረ። በፉጨት ጠራት፣ በሆዱ ተኝቶ ጠራት፣ ሥጋውን መዳፉ ላይ አድርጎ ሰጣት። እሱ ክፍሉ ውስጥ ካለ ከአልጋው ሥር አትወጣም። ሲወጣ ጠብቄ እኔ ብሰጣት ከእጄ በላች። ሁለተኛውን ስሰጣት እሱ በሩ ላይ ቆሞ አየን። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን እንዳላየሁ መሆን እፈልጋለሁ።

«አንቺ ውሰጃት» አለኝ።

«አልወስድም!»

«ካንቺ ትበላለች። እኔ ጋ በረኃብ ትሞታለች።»

«አልወስድም አልኩህ፣ አልቢ! ከዶሮዎቼ ጋር ልታፋጃት ነው እንዴ!» ብዬ ጮኽኩ። የምለው ጠፍቶኝ ነው ዶሮ ያነሣሁት። ብወስዳት እሷ ትድናለች፤ እሱ ደግሞ ወደዚያ ሬዲዮ ይመለሳል። ባልወስዳትም ልትሞት ትችላለች። የትኛውን እንደምመርጥ አላውቅም ነበር፣ ስለዚህ ዶሮ አልኩ።

አልቢ አልተከራከረኝም። ሌላ ድቡልቡል አምጥቶ ባልዲው ላይ አደረገ። ከዚያ የሽቦ ወንፊት በሩን ገፍቶ ወደ በረንዳው ወጣና፣ ደረጃው ላይ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። እጆቹን ጭኑ ሥር ከተታቸው። ብዙ ቆየ። እኔ ወጥ ቤቱ መስኮት ጋ ነበርኩ፣ ከዚያ ሁለቱም ይታዩኛል። ፍሎስ ከአልጋው ሥር አፍንጫዋን አወጣች። ጀርባውን አየች። እየተሳበች ባልዲው ጋ ደረሰችና አንዷን አነሣች።

«እየበላች ነው?» አለ ሳይዞር።

«እየበላች ነው።»

«ዋጠችው?»

«ዋጠችው። እንዳትዞር።»

«አልዞርም» አለ።

ይኸው እስካሁን እንዲሁ ነው። ፀጉሯ በቅሏል፣ ትሮጣለች፣ ዶሮዎቼን ጥግ ታስይዛለች። ዕዳውን በየአሥራ አምስት ቀኑ ከጡረታው ይከፍላል፣ ክሊኒኩ ድረስ በእግሩ እየሄደ። እሱ ግን እንዲነካት አትፈቅድም፤ እሱ እያያትም አትበላም። ማታ ማታ ሳህኑን ያስቀምጥና ወጥቶ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ እኔም ማሰሮዬን ይዤ መጥቼ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ።

ትናንት ወጥቶ እንደተቀመጠ ፍሎስ ሳህኑን አለፈችው። ወንፊቱ ድረስ ሄደች። አፍንጫዋን ሽቦው ላይ አስጠግታ፣ አንድ እግሯን አንሥታ፣ የሱን የጎበጠ ጀርባ ታይ ጀመር። ጭራዋ ዝቅ ብሏል፤ ጫፉ ግን በትንሹ ይንቀሳቀሳል። በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም።

«እየበላች ነው?» አለ አልቢ።

እውነቱን ብነግረው ይዞራል፣ ከዞረም አልጋው ሥር ትገባለች።

«እየበላች ነው» አልኩት።